ስለ ትንሽና ስለ ትልቅ አይሮፕላን አበራረር

ሰው ትንሹን ነገር ባየ ጊዜ የትልቁ ምሳሌ ይመስለዋል። በመልኩ ምሳሌ መሆኑ እውነት ነው፤ በሥራው ግን ሁልጊዜ አይደለም። ይህም ከምድር ሆነው በራዲዮ በሚመሩት ትንሽ አይሮፕላንና ሰው በሚሳፈርበት ትልቅ አይሮፕላን ላይ በግልጥ ይታያል። ሁለቱም የሚበሩበት ሕግ አንድ ነው፤ ክንፉ አየሩን ወደ ታች ሲገፋ አየሩ ደግሞ ክንፉን ወደ ላይ ያነሣዋል። ነገር ግን የመጠናቸው ልዩነት አበራረራቸውን ይለየዋል።

ስለ ክብደት።

መምህሩ ርዝመታቸው፥ ወርዳቸውና ቁመታቸው እኩል የሆነ 9 የጭቃ ጡቦች ይሥራ። አንዱን ለብቻው አኑሮ 8ቱን በመግጠም እንደ አንድ ትልቅ ጡብ ያድርጋቸው። የትልቁ ጎን ከትንሹ ጎን 2 እጥፍ ነው፤ የፊቱ ስፋት ግን 4 እጥፍ፥ ክብደቱም 8 እጥፍ ሆኖ ይገኛል። እንዲሁም አንድ ነገር በርዝመቱ 10 እጥፍ ቢያድግ ስፋቱ 100 እጥፍ፥ ክብደቱ 1000 እጥፍ ይሆናል።

ሴስና 172 የተባለው 4 ሰው የሚይዝ አይሮፕላን የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር፥ ስፋቱ 16 ካሬ ሜትር፥ ሙሉ ክብደቱም 1100 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር 69 ኪሎ ግራም ይሸከማል። በርዝመቱ 10 ጊዜ ያነሰ ምሳሌው በዚያው ልክ ቢሠራ ክብደቱ 1 ኪሎ ከ100 ግራም ይሆናል፤ ለአንድ ካሬ ሜትር የሚደርሰውም ሸክም 7 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ፍጥነት 2 እጥፍ ሲሆን የሚያነሣው ኃይል 4 እጥፍ ስለሚሆን፥ ትልቁ ሳይወድቅ ለመብረር በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ያህል ሲያስፈልገው ለትንሹ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ይበቃዋል።

ከዚህም የተነሣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ትልቁን ጥቂት ሲያናውጠው፥ ትንሹን ግን ወደ ፊት እንዳይሄድ ሊያስቀረው ይችላል። ደግሞም ትንሹ ለመዞርና ለመገልበጥ ፈጣን ነው፤ የሚመራው ሰው እጁ ጥቂት ቢስት ወዲያው አቅጣጫውን ይለቃል።

ስለ አየር ጠባይ።

አየር ለዓይን ባይታይም እንደ ማር ያለ የመጣበቅ ጠባይ በጥቂቱ አለው። ክንፉ ባነሰና ፍጥነቱ በቀነሰ መጠን ይህ ጠባይ ይበረታበታል። ስለዚህ ትንሹ ከሚያገኘው የማንሣት ኃይል ጋር ሲመዛዘን የሚይዘው ኃይል ይበዛበታል፤ ሞተሩ በቆመ ጊዜም እንደ ትልቁ ርቆ ሊንሳፈፍ አይችልም። እንግሊዛዊው ሊቅ ኦስቦርን ሬይኖልድስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1883 ዓ.ም. ውኃ በቧንቧ ሲፈስ መርምሮ የዚህን ነገር ሕግ ገለጠ። በ1922 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ አገር በላንግሌ የነበሩ መሐንዲሶች በብረት ጋን ውስጥ አየሩን እስከ 20 እጥፍ ጨምቀው ትንንሽ ምሳሌዎችን በዚያ ፈተኑ። አየሩ ስለ ጠበቀ የትንሹ ክንፍ ጠባይ ወደ ትልቁ ቀረበ፤ እነርሱም በትንሹ አይተው በትልቁ ላይ የተሳሳተ ፍርድ ከመስጠት ዳኑ።

በደጋ አገር የአየሩ መሳሳት ለሁለቱም ይከብዳል። የአዲስ አበባ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል 2300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ከ5 አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ማናቸውም አይሮፕላን በዚያ ለመነሣት ከ100 እጅ 12 እጅ ያህል ፍጥነት መጨመር አለበት።

የዚህ ትምህርት ፍሬ።

ልጆች ይህን ከወፎች ያውቁታል። ድንቢጥ ከመሬት ብድግ ብላ ትበራለች፤ ጥንብ አንሣ ግን ከባድ ስለ ሆነ እየዘለለ ሮጦ ይነሣል። ሽማግሌዎችም ድልድይ ወይም የትምህርት ቤት ጣራ ሲያሠሩ ነገሩን ያስቡት። ትንሹ ድልድይ ጸንቶ ቢቆም፥ ሁሉን በዚያው ልክ 10 እጥፍ አሳድጎ የሠራው ሰው ድልድዩ በገዛ ክብደቱ ሊሰበርበት ይችላል። ምሳሌ ያስተምራል፤ ነገር ግን መጠኑ ካልተመረመረ ያሳስታል።

ጥያቄ።

1ኛ፤ የአንድ ነገር ርዝመት 3 እጥፍ ቢሆን ስፋቱና ክብደቱ ስንት እጥፍ ይሆናሉ?
2ኛ፤ ነፋስ ትንሹን አይሮፕላን ከትልቁ ይልቅ የሚያስቸግረው ስለ ምንድር ነው?
3ኛ፤ በላንግሌ የነበሩት መሐንዲሶች አየሩን የጨመቁት ለምንድር ነው?