ሥዕል እንዴት ይነበባል?

ፊደል ለይታችሁ ማንበብ ጀምራችኋል። ለመሆኑ ሥዕልስ ይነበባል ወይ? አዎን፣ ይነበባል። እንዲያውም ብዙዎቻችሁ ከፊደል በፊት ሥዕል ማንበብ ታውቁ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ ግድግዳውን ያያችሁ ሁሉ፣ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን በጦር የሚወጋው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጽሑፍ አላስፈለጋችሁም። ሌላም ምልክት አለ። በጥንቱ ሥዕል ደጉ ሰው ፊቱ ሙሉ፣ ሁለት ዐይኑም የሚታይ ሆኖ ይሣላል። ክፉው ግን በጎን ይሣልና አንድ ዐይኑ ብቻ ይታያል። ይህን ደንብ የሚያውቅ ሰው ይሁዳን ከሐዋርያት መካከል ፈልጎ አያጣውም።

አሁን የምንነጋገረው ግን እንዲህ ያለ ደንብ ስለሌለው ሥዕል ነው። በከተማ የሥዕል ማሳያ ቤቶች አሉ። ጋለሪ ይባላሉ። በጋለሪ ሥዕል ይታያል፣ ብዙ ጊዜም ይሸጣል። ሙዚየም ደግሞ ሥራዎቹን ሰብስቦ የሚያቆይ ቤት ነው። ለሕክምና ወይም ለዘመድ ጥየቃ አዲስ አበባ የሚመጣ ገበሬ በእነዚህ ቤቶች ደጃፍ ያልፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። «ይህ ለተማረ ሰው ነው፤ እኔ ምን ይገባኛል?» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የተማረውም እኮ ቢሆን ብዙ ጊዜ ሥዕሉ ፊት ቆሞ አንገቱን ይነቀንቃል እንጂ፣ ምን እንዳየ ቢጠይቁት መልስ የለውም።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ የሚባል ሠዓሊና ባለቅኔ ነበር። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1932 በሐረር ተወለደ። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ የብራና መጻሕፍትንም በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ልጃቸው ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ ከተማ ሄዶ ተማረ። ሲመለስም ሰው ነው ዛፍ ነው ተብሎ የማይለይ፣ ቀለምና መስመር ብቻ የሚታይበት ሥዕል ጭምር ይዞ መጣ። «ይህ የፈረንጅ ነው» ብለው የነቀፉት ነበሩ። በ1981 በስደት፣ በአሜሪካ አገር ሞተ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለውና በስሙ የተጠራው የዘመናዊ ሥዕል ሙዚየም በ2008፣ አሁንም በፈረንጅ አቈጣጠር፣ ተከፈተ።

ታዲያ ምንም ከማይመስል ቀለም ላይ ምን ይነበባል? እስቲ ዝናብ ያዘለ ጥቁር ደመና አስቡ። ዘር የዘራችሁ ሰሞን ከሆነ ደስ ያሰኛል። እህሉ ታጭዶ አውድማ ላይ ካለ ግን ሆድ ያባባል። ደመናው ያው ደመና ነው። ቀለሙም ያው ጥቁር ነው። የሚያየው ሰው ያለበት ሁኔታ ግን ትርጉሙን ለወጠው። ሥዕል ከፊደል የሚለየው እዚህ ላይ ነው። «በ»ን «ለ» ብሎ ያነበበ ሰው ተሳስቷል፤ አስተማሪው ያርመዋል። አንዱን ቀለም አንዱ ሐዘን፣ ሌላው ዕረፍት ብሎ ቢያነበው ግን የሚያርም አስተማሪ የለም።

እንዲህ ሲባል ታዲያ ሁሉም ነገር ልክ ነው ማለት አይደለም። «ይህ ጦርነት ነው» የሚል ሰው «የቱ ጋ አየኸው?» ሲባል በጣቱ ማሳየት አለበት። የተሰበረውን መስመር፣ የፈሰሰውን ቀይ፣ የተጨናነቀውን ጥግ። ማሳየት ካልቻለ ከራሱ ጨመረ እንጂ ሥዕሉን አላየም።

አሁን ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው ልጥቀስ። ኤልያስ ስሜ ይባላል፤ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። እሱ የሚሠራው በብሩሽ ሳይሆን ሰው በጣለው ዕቃ ነው። የልብስ ቁልፍ፣ ክር፣ ኋላም ከአሮጌ ኮምፒዩተርና ሬዲዮ የወጣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከመርካቶ እየገዛ፣ ሽቦውን እንደ ሹሩባ እየጎነጎነ እንጨት ላይ ይመታዋል። ከሩቅ ሲያዩት ሰፊ ጨርቅ ይመስላል። ከተሜ ሰው «ከአውሮፕላን ላይ የታየች ከተማ ናት» ይል ይሆናል። እኔ ያየሁት ማሳ ነው፦ አረንጓዴው ገብስ፣ ቢጫው ኑግ፣ መካከሉን የሚያቋርጠው ድንበር። ከተራራ ላይ ሆኖ አገሩን ቁልቁል አይቶ የሚያውቅ ሰው ከእኔ የበለጠ ያይበታል።

ኤልያስ ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ በ2019 በፈረንጅ አቈጣጠር በአዲስ አበባ ዞማ ሙዚየምን ከፍቷል። የዞማ ግድግዳ ጭቃና ጭድ ነው። ከተሜው ፎቶግራፍ ያነሣዋል፤ ጭቃ ያቦካ ሰው ግን ቆም ብሎ ያስተውላል። ጭዱ በደንብ ተዋሕዷል? ጭቃው ስንት ቀን ተረግጦ ተብላልቷል? ዝናብ ሲመታው ይሰነጠቅ ይሆን? በጭቃው ላይ የወጣው ጌጥ ስንት እጅ እንደጠየቀ ለመገመት ከእናንተ የተሻለ ተመልካች የለም። ጭቃ ቤት የድህነት ምልክት ነው ሲባል የኖረ ሰው ያንን ግድግዳ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ብሰማ ደስ ይለኛል።

ወደ ጋለሪ ስትገቡ ሥራዎቹን በእጅ አትንኩ። ክልከላው ንቀት አይደለም፤ የእጅ ወዝ ቀለምን ስለሚያበላሽ ነው። ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። የሠዓሊው ስም፣ የሥራው ርእስ፣ የተሠራበት ዓመትና ዕቃ ተጽፎባታል። ማንበብ ስለቻላችሁ ወደ እሷ መሮጥ ያምራችኋል። ቈዩ! መጀመሪያ ሥዕሉን እዩ፤ ቀረብ ብላችሁ፣ ራቅም ብላችሁ። ያያችሁትን ለጓደኛችሁ ንገሩ። ከዚያ በኋላ ወረቀቷን አንብቡ። አንዳንዱ «ርእስ የለውም» ይላል፤ እሱስ አያስቸግርም። አንዳንዱ ግን ያየነውን ያስለውጣል። ኤልያስ ለብዙ የሽቦ ሥራዎቹ የሰጠው ስም በአማርኛ ሲፈታ «የተወጠረ ገመድ» ማለት ነው፤ ሰው ሚዛኑን እየጠበቀ የሚሄድበት ገመድ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ማሳዬን እንደገና አየሁት፤ ድንበር ያልኩት መስመር ቀጭን መንገድ ሆነብኝ። ማን ነው የሚሄድበት? ቢወድቅስ የት ነው የሚያርፈው?

ባልና ሚስት አብረው ገብተው እሱ መንገድ፣ እሷ የስፌት አለላ ካየች ደግሞ፣ ዘበኛው በሩን ሊዘጋ እስኪመጣ ድረስ ይከራከሩበት።