አዲስ የተገዛ ዕቃ ጉድለት ሲገኝበት ነጋዴው ምን ማድረግ ይገባዋል?

ንግድ በመተማመን የቆመ ሥራ ነው። ገዢው ገንዘቡን ሲከፍል ዕቃውን ከውስጥ ፈትቶ አላየውም፤ ሻጩም ከፋብሪካ የተላከለትን እንጂ በእጁ የሠራውን አልሸጠም። ስለዚህ በአዲስ ዕቃ ላይ ጉድለት በተገኘ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች የተበደሉ ይመስላቸዋል። ጠቡ የሚበርደው በጩኸት ሳይሆን በሥርዓት በቀረበ አቤቱታ ነው። ሥርዓቱን ባለማወቅ የዘገየ ሰው ግን እውነት ይዞ ሳለ ይሸነፋል። ለዚህም በራሳችን የደረሰውን ለትምህርት እናቀርባለን።

እኔ በጸሐፊነት የማገለግላቸው ነጋዴ በ2010 ዓ.ም. ከአንድ አስመጪ አዲስ የጭነት ተሳቢ ገዝተው ነበር። ቀለሙ ያማረ፣ ጎማው ያልተነካ፣ የዋስትና ወረቀቱም በማኅተም የተረጋገጠ ነበር። ተሳቢው በመጀመሪያው የጅቡቲ ጉዞ የግንባታ ብረት ጭኖ ሲመለስ፣ ሾፌሩ ሚሌን ካለፈ በኋላ በስተቀኝ ያሉት ጎማዎች በአንድ ወገን ብቻ ሲበሉ አየ። አዋሽ ደርሶ ከሥር ገብቶ ቢመለከት፣ ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው ብረት ብየዳው ላይ ተሰንጥቆ አገኘው። ይህ ብረት ቁልቁለት ላይ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ለሾፌሩና ለረዳቱ ሕይወት የሚያሠጋ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሦስት ስሕተት ሠራን። አንደኛው፣ ሾፌሩ በያጅ ጠርቶ ስንጥቁን አስበየደ። ጭነቱን ለማድረስ ተቸግሮ ነውና አልፈርድበትም፤ ነገር ግን ስንጥቁ ከመበየዱ በፊት ፎቶግራፍ አልተነሣም። ሁለተኛው፣ ነጋዴው ጉዳዩን ለሻጩ በስልክ ብቻ ነገሩ። ሻጩም «ግድ የለም፣ አምጡትና እናየዋለን» አሉ። እኔም ጸሐፊ ሆኜ ሳለሁ ይህን ቃል በደብዳቤ አላጸናሁትም። ሦስተኛው፣ ሥራ ስለበዛብን በዚሁ ተሳቢ ሁለት ወር ያህል ጭነት አመላለስንበት። ሌላ ስንጥቅ በታየ ጊዜ ወደ ሻጩ ብንሄድ መልሳቸው ተለውጦ አገኘነው፤ «ከልክ በላይ ጭናችሁበታል፣ እናንተው በይዳችሁታል፣ ስለ ጉድለቱም በጊዜው ያስታወቀን የለም» አሉን።

ያዳነን በስተግራ ያለው ብየዳ ማንም ሳይነካው መቆየቱ ነው። ሁለታችንም የተስማማንበት ባለሙያ ሲመረምረው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ብየዳው ወደ ብረቱ ዘልቆ እንዳልገባ አረጋገጠ። ሾፌሩ ያስቀመጣቸው የመንገድ ሚዛን ወረቀቶችም ጭነቱ ከተፈቀደው ልክ እንዳላለፈ መሰከሩ። ሻጩ የባሌስትራ ማያያዣዎቹን በሙሉ ለውጠው ሰጡን። ተሳቢው ለቆመበት ቀን የጠየቅነውን ኪሣራ ግን አላገኘንም፤ መቼ እንዳስታወቅን የሚያስረዳ አንዲት ወረቀት አልነበረንምና። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ይህ ነው።

ሕጉ የሚለው

በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ ውል በሚናገርበት ክፍል፣ በቁጥር 2287 እና በተከታዮቹ፣ ሻጩ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ከጉድለት የነጻ ለመሆኑ ለገዢው መድን እንደሆነ ይደነግጋል። ጉድለት ማለትም ስብራት ብቻ አይደለም። ዕቃው በተለመደው አገልግሎቱ ወይም በውሉ ለታሰበው ልዩ ሥራ የሚያስፈልገውን ጠባይ ያጣ እንደሆነ ጉድለት አለበት ይባላል።

ሕጉ ግን በገዢውም ላይ ግዴታ ጥሏል። ገዢው ጊዜ እንዳገኘ ወዲያውኑ ዕቃውን መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። በተራ ምርመራ የማይታይ ስውር ጉድለት የሆነ እንደሆነ በተገለጠ ጊዜ ወዲያው ይነገራል። ክስ የሚያስፈልግ ከሆነም ሻጩ ሊያታልል ካላሰበ በቀር ጉድለቱን ካስታወቁበት ቀን አንሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ ይኖርበታል፤ ያለዚያ መብቱ ይቀራል። ስለዚህ «ዛሬ ነገ እናየዋለን» የሚለው ተስፋ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን ጊዜውን አያቆመውም።

የሥራው ቅደም ተከተል

1ኛ/ ሲረከቡ ይመርምሩ። የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሰነዱ ጋር ይመሳከር። ለዚህ ጋራዥ የሚያውቅ ሰው ይዞ መሄድ ይሻላል። በርክክብ ወረቀት ላይ «ሁሉም ደህና ነው» የሚል ቃል ሳያዩ አይፈርሙ።

2ኛ/ ጉድለት ሲገኝ ዕቃውን እንዳለ ያቆዩ፣ ፎቶግራፍም ያንሡ። ጥገናው የግድ ከሆነ አስቀድመው ለሻጩ በጽሑፍ ያስታውቁ፤ የተለወጠውን ዕቃ አይጣሉ፤ የጠጋኙንም ደረሰኝ ይቀበሉ።

3ኛ/ ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱን ሻጩ ተቀብሎ በቀሪው ላይ ቀን ጽፎ ይፈርምበት። አልፈርምም ያለ እንደሆነ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ቤት ይላኩ።

4ኛ/ የሚፈልጉትን ለይተው ይጠይቁ። ጥገና ነው ወይስ ለውጥ? ጉድለቱ ከባድ ሆኖ ውሉ እንዲፈርስና ዋጋው እንዲመለስ ነው? ኪሣራስ ይጨመራል? ሁሉንም ባንድነት የደበላለቀ አቤቱታ መልስ አያገኝም።

5ኛ/ ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበት ባለሙያ እንዲመረምረው ይጠይቁ። አንዱ ወገን ብቻውን ያስመረመረው ብዙ ጊዜ ለክርክር ይዳርጋል።

ለደብዳቤው ምሳሌ የሚሆን የሚከተለው ነው፤

«በዚህ ዓመት በዚህ ወር በዚህ ቀን በተደረገው የሽያጭ ውል ከድርጅትዎ የገዛሁት፣ የሻንሲ ቁጥሩ ይህ የሆነው አዲስ ተሳቢ፣ በዚህ ቀን የባሌስትራ ማያያዣው ብየዳው ላይ ተሰንጥቆ ስለተገኘ ይህንኑ አስታውቃለሁ። ዕቃው በዚህ ስፍራ ቆሟልና ራስዎ ወይም ወኪልዎ መጥቶ እንዲመለከተው እየጠየቅሁ፣ እስከዚህ ቀን ድረስ ያለዋጋ እንዲለወጥልኝ አሳስባለሁ። ዕቃው በመቆሙ የሚደርስብኝን ኪሣራ የመጠየቅ መብቴ የተጠበቀ ነው።»

እንዲህ ያለው ደብዳቤ ስድብ የለበትም፣ ልመናም አይደለም። የሆነውን፣ የተፈለገውንና ቀኑን ብቻ ይናገራል።

ለሻጮች የሚሆን ቃል

ዛሬ ገዢ የሆነው ነጋዴ ነገ ሻጭ ነው። ከውጭ አገር አስመጥቶ የሚሸጥ ሰው ደግሞ በሁለት ወገን ይቆማል፤ ለደንበኛው መድን ነው፣ በላኪው ላይ ግን ባለመብት ነው። የደንበኛው ደብዳቤ በደረሰው ቀን እርሱም ለላኪው ካላስታወቀ ዕዳው በእርሱ ላይ ሊቀር ይችላል። ከውጭ ላኪ ጋር የተደረገ ውል በሌላ አገር ሕግ የሚመራ ሊሆን ስለሚችል የማስታወቂያውንና የክሱን ጊዜ ውሉን ሲፈርም ይመልከት። ዕቃው ከወደብ ሲነሣም የተጎዳ መሆን አለመሆኑን ይመዝግብ፤ ይህ ካልተደረገ በመንገድ የደረሰው ጉዳትና የፋብሪካው ጉድለት ተደባልቀው አጓጓዡና ላኪው እርስ በርሳቸው ያሳብባሉ።

አቤቱታን በጊዜው ተቀብሎ የሚመልስ ሻጭ ከአንድ ማያያዣ ብረት ዋጋ የበለጠ አይጎዳም፤ ደንበኛውንም ያቆያል። እኛም ከዚያ ወዲህ በጽሕፈት ቤታችን አንድ መዝገብ ከፍተናል። ጉድለት እንደተነገረ፣ ገና ስልኩ ሳይዘጋ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የተናጋሪው ስም ይጻፍበታል፤ ደብዳቤውም በዚያው ቀን ሳይወጣ አያድርም።