ሳይቆጠር የሚቀር ቅሬታ፦ የፓርቲ ዕጩ አመራረጥ ከአምቦና ከምዕራብ ሸዋ ከተሞች አንጻር (ከ1997 እስከ 2013 ዓ.ም.)

1. መግቢያ

በምርጫ ላይ የሚደረጉ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን ነው። በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የማን ስም ይስፈር የሚለው ውሳኔ ግን ከዚያ ቀን ቀድሞ፣ በፓርቲዎች ውስጥ ይጠናቀቃል። ቅድመ ምርጫ በሚካሄድባቸው አገሮች፣ በወንበሩ ላይ ያለው ነባር ተወካይ የፓርቲውን መዋቅር ተማምኖ አዲሱን ተፎካካሪ ሲያሸንፍ የበታች አባላት ቅር መሰኘታቸው የተለመደ ነው። በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ቅሬታ ይፈጠራል፤ ይሁን እንጂ የሚመዘገብበት መድረክ የለውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ክፍተት ያስከተለውን ውጤት በአምቦ፣ በጊንጪ፣ በጉደርና በሌሎች የምዕራብ ሸዋ ከተሞች የፖለቲካ ሂደት መመርመር ነው። መነሻ የተደረጉት የምርጫ ውጤቶች፣ የሕግ ድንጋጌዎችና በይፋ የሚታወቁ ክንውኖች ናቸው። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ ዕጩ በኮሚቴ ሲወሰን የአባላት ቅሬታ አይጠፋም፤ የሚጠፋው የቅሬታው መጠን ነው። መጠኑ ያልታወቀ ቅሬታ ደግሞ ፓርቲው ባልጠበቀው ጊዜና ቦታ ይገለጣል።

2. ጽንሰ ሐሳባዊ ማዕቀፍ

ሩቨን ሀዛንና ጊዲዮን ራሀት የዕጩ አመራረጥን በአራት ጥያቄዎች ይተነትናሉ፦ ማን ዕጩ መሆን ይችላል? ዕጩውን የሚመርጠው አካል ማን ነው? ውሳኔው በማዕከል ነው ወይስ በአካባቢ? የሚወሰነውስ በድምፅ ነው ወይስ በሹመት? ለዚህ ጥናት የበለጠ የሚጠቅሙት ሁለተኛውና አራተኛው ናቸው።

አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ሥራ ደግሞ ባለበት ድርጅት ያልረካ ሰው ድምፁን ማሰማት ወይም መውጣት እንደሚችል፣ ታማኝነትም ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ በሚደረገው ውሳኔ ላይ ተጽዕኖ እንዳለው አስረድቷል። ቅድመ ምርጫ በዚህ አገላለጽ ድምፅ የማሰሚያ አንድ ስልት ነው። በውድድሩ የተሸነፈው ወገን እንኳ ስንት ድጋፍ እንዳለው ለአመራሩም ለራሱም አሳይቶ ይወጣል።

3. የአገሪቱ የዕጩ አመራረጥ ልምድ

በ1949 ዓ.ም. የተጀመሩት የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የፓርላማ ምርጫዎች ፓርቲ አልነበራቸውም፤ ዕጩዎች በግል ይወዳደሩ ነበር። በሰኔ 1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ በተደረገው ምርጫ ለአንድ ወንበር ከአንድ በላይ ዕጩ ይቀርብ የነበረ ቢሆንም፣ የጥቆማው ሂደት በኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ቁጥጥር ሥር ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ኢሕአዴግና አባል ድርጅቶቹ የተመሩት በዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት መርሕ ነው። የበላይ አካል ውሳኔ የበታቹን ይገዛል፤ የአባላት ቅሬታ የሚስተናገደው በግምገማ መድረክ ነው።

ግምገማ ከቅድመ ምርጫ ጋር ሲነጻጸር ሁለት መሠረታዊ ልዩነቶች አሉት። አንደኛ፣ የሚናገረው አባል ማንነቱ በአለቃው ፊት ይታወቃል፤ የምስጢር ድምፅ የሚሰጠው ከለላ የለውም። ሁለተኛ፣ የተነገረው ነገር ወደ ቁጥር አይለወጥም። አመራሩ ትችቱን ሰምቶ ነባሩን ተወካይ መልሶ ቢያቀርብ፣ ውሳኔው የብዙኃኑን ፍላጎት መከተሉን ወይም መጣሱን ማረጋገጥ የሚችል አባል አይኖርም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልሉ ከሚወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ በማግኘት እንደሚመረጡ፣ መራጩም አመኔታ ባጣበት ተወካይ ላይ እርምጃ መውሰድ እንደሚችል ይደነግጋል። የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011ም ለፓርቲዎች ውስጣዊ ዴሞክራሲ ቦታ ሰጥቷል። ይሁንና በየምርጫ ክልሉ ያሉ የፓርቲ አባላት ዕጩአቸውን በቀጥታ ድምፅ የሚመርጡበት ቅድመ ምርጫ በአገራችን የተለመደ አሠራር አልሆነም።

4. የምዕራብ ሸዋ ሂደት

4.1 በድምፅ መስጫ መውጣት (1997 ዓ.ም.)

በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ የምዕራብ ሸዋ መራጭ ቅሬታውን ለመግለጽ ሌላ በር ነበረው። በአካባቢው ተወላጅ በዶክተር መረራ ጉዲና የሚመራው የኦሮሞ ብሔራዊ ኮንግረስ (ኦብኮ)፣ የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኃይሎች ኅብረት አባል ሆኖ ተወዳድሮ በዞኑ መቀመጫዎች አሸነፈ። ኅብረቱ በአገር አቀፍ ደረጃ 52 መቀመጫ አገኘ። የኦሮሞ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት (ኦሕዴድ) ነባር ተወካዮችን በውስጥ አሠራር መለወጥ ያልቻለ ዜጋ በአጠቃላይ ምርጫው ለወጣቸው።

ተቃዋሚውም ወገን ከችግሩ ነጻ አልነበረም። ከምርጫው በኋላ ኦብኮ ተከፈለ፤ የፓርቲውን ስም የመያዝ መብት በምርጫ ቦርድ ውሳኔ ለሌላው ቡድን ተሰጠ። እነ ዶክተር መረራ የኦሮሞ ሕዝብ ኮንግረስን መሠረቱ፤ ይህም በኋላ ከኦሮሞ ፌዴራሊስት ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ ጋር ተዋሕዶ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ (ኦፌኮ) ሆነ። ፓርቲው የማን ነው የሚለው ጥያቄ በአባላት ቆጠራ ሳይሆን በአስተዳደራዊ ውሳኔ መቋጨቱን ልብ ማለት ይገባል።

4.2 በጎዳና ድምፅ ማሰማት (2006 እና 2008 ዓ.ም.)

በ2002 ዓ.ም. ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉንም ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያዙ። በዚህ ወቅት በድምፅ መስጫ የመውጣቱ በር ተዘግቷል ማለት ይቻላል። በሁለቱ ምርጫዎች መካከል፣ በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በአዳማ ለውይይት ሲቀርብ፣ ከራሱ ከኦሕዴድ አባላት ግልጽ ተቃውሞ ተነሣ። ይህ የበታች አባላት ድምፅ ግን ዕቅዱን ለማስቆም የሚያበቃ መዋቅራዊ ክብደት አልነበረውም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በአምቦ ተቃውሞ ፈነዳ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ።

በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ ተማሪዎች ስለ መጫወቻ ሜዳና ስለ ጭልሞ ደን ያነሡት ጥያቄ ከማስተር ፕላኑ ጋር ተያይዞ በመላ ኦሮሚያ ተዛመተ። በጥር ወር ኦሕዴድ ዕቅዱ መሰረዙን አስታወቀ። የጊዜ ቅደም ተከተሉ ለተመራማሪ ትልቅ ትርጉም አለው፦ ከግንቦት 2007ቱ የመቶ በመቶ ውጤት እስከ ጊንጪ ተቃውሞ ስድስት ወር እንኳ አልሞላም። የመሬት፣ የሥራ አጥነትና የማንነት ጥያቄዎች ለተቃውሞው የየራሳቸው ድርሻ ስለነበራቸው የዕጩ አመራረጥን ብቸኛ ምክንያት ማድረግ ስሕተት ይሆናል። ሆኖም በወንበሩ ላይ የነበሩት ተወካዮች የአካባቢያቸውን ስሜት አስቀድመው ለማዕከል የማድረስ ማበረታቻ ያልነበራቸው፣ ወንበራቸው የሚጸናው በመራጩ ሳይሆን በዕጩ አቅራቢው አካል በጎ ፈቃድ ስለነበረ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ መድረስ ይቻላል።

4.3 በላይ የተቆጠረ፣ በታች ያልተቆጠረ ድምፅ (2010 ዓ.ም.)

ተቃውሞው በመጨረሻ የፓርቲውን አናት ለወጠ። በየካቲት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ፤ በዚያው ወር ኦሕዴድ ሊቀመንበርነቱን ከአቶ ለማ መገርሳ ወደ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ አዛወረ። መጋቢት 18 ቀን የኢሕአዴግ ምክር ቤት ድምፅ ሰጠ፤ ዶክተር ዐቢይ ከ169 ድምፅ 108ቱን አግኝተው ተመረጡ። የምክር ቤቱ አባላት 180፣ ከአራቱ ድርጅቶች እያንዳንዳቸው 45 ነበሩ።

ይህ ክንውን በኢሕአዴግ ታሪክ ለቅድመ ምርጫ የቀረበ ነበር፤ ተፎካካሪ ነበረው፣ ድምፁም ተቆጥሮ ታወቀ። ነገር ግን መራጮቹ ከ200 አይበልጡም። ለውጡን በጎዳና የጠየቁት የአምቦና የጊንጪ ነዋሪዎች፣ በዞኑ ያሉ ተራ የድርጅቱ አባላትም በቆጠራው ውስጥ አልነበሩም። ዶክተር ዐቢይ ሥልጣን በያዙ በቀናት ውስጥ አምቦን መጎብኘታቸው የከተማዋን ፖለቲካዊ ክብደት ያሳያል፤ የከተማዋን ዕጩ ማን ይመርጣል የሚለውን ጥያቄ ግን አልፈታም።

4.4 ዕጩነት ምርጫውን ሲተካ (2013 ዓ.ም.)

ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. ከስሞ ብልጽግና ፓርቲ ተመሠረተ። ኦፌኮ የአመራሮቹን መታሰርና የጽሕፈት ቤቶቹን መዘጋት ጠቅሶ ከስድስተኛው ምርጫ ውጭ ሆነ፤ ኦነግም አልተሳተፈም። በመሆኑም ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በኦሮሚያ በርካታ የምርጫ ክልሎች የብልጽግና ዕጩ ያለ ተፎካካሪ ቀረበ። እንዲህ ባለ ሁኔታ ዋናው ምርጫ የሚከናወነው ፓርቲው ዕጩውን በሚወስንበት ክፍል ውስጥ ነው። የአንድ ፓርቲ የውስጥ አሠራር የሚመስለው ጉዳይ የመላው መራጭ ጉዳይ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

5. ከሌሎች አገሮች የሚገኝ ትምህርት

ቅድመ ምርጫ ለሁሉ መድኃኒት አይደለም። በጋና ብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2015 ዕጩ የመምረጡን መብት ከጥቂት ልዑካን ወደ ተመዘገቡ አባላት አስፋፋ፤ አንዱ ዓላማ ጥቂት ልዑካንን በገንዘብ መደለልን ማስቸገር ነበር። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 በቅድመ ምርጫ የተሸነፉ በርካታ ተወዳዳሪዎች ሂደቱ ተጭበርብሯል በማለት በግል ዕጩነት ቀርበዋል። ነባር ተወካዮችም ገንዘብና መዋቅር ስላላቸው ብዙውን ጊዜ ያሸንፋሉ። ልዩነቱ የተሸናፊው ወገን መጠን መታወቁ ላይ ነው። በአባላቱ መካከል በጠባብ ልዩነት ያለፈ ተወካይ በቀጣዩ ጊዜ ሊሸነፍ እንደሚችል ያውቃል፤ አመራሩም ችግሩ የት እንዳለ ይረዳል።

6. መደምደሚያ

የምዕራብ ሸዋ ሂደት እንደሚያሳየው ቅሬታ በ1997 ዓ.ም. በድምፅ መስጫ ሣጥን፣ በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. በጎዳና፣ በ2010 ዓ.ም. በፓርቲው አናት ላይ በተደረገ ለውጥ ተገልጿል። ዋጋው ዝቅተኛ በሆነበት ስፍራ፣ ማለትም በምርጫ ክልሉ የፓርቲ አባላት ስብሰባ፣ በምስጢር ድምፅ የተገለጠበት ጊዜ ግን አልታየም።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነጥቦች ለውይይት ይቀርባሉ። ፓርቲዎች ከአንድ በላይ ጥቁም ለምርጫ ክልሉ አባላት አቅርበው በምስጢር ድምፅ ቢያስመርጡ፣ የድምፁን ቁጥር ለአባላቱ ይፋ ቢያደርጉ፣ የማዕከሉ አካል የአባላቱን ምርጫ ሲሽር ምክንያቱን በጽሑፍ ቢያስታውቅ፣ ነባሩ ተወካይ ቢያሸንፍም ሽንፈቱ ለተቃወሙት ወገኖች የሚዋጥ ይሆናል። በዚህ መስክ ለሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ቀጣዩ ሥራ የዕጩ አመራረጥ ሂደቶችን በየወረዳው እየተከታተሉ መመዝገብ ነው፤ የድምፅ መስጫው ቀን ውጤት ብቻውን የሚነግረን የታሪኩን ሁለተኛ አጋማሽ ነውና።