ትምህርት 9፦ “በብርድ ወራት” ወይስ “በብርድ ምክንያት”?

ሀ. መግቢያ

ሁለት ነገሮች በአንድ ወቅት ሲታዩ አንዱን የሌላው ምክንያት አድርጎ መጻፍ በድርሰት ውስጥ ዘወትር የሚያጋጥም ስሕተት ነው። ጊዜን የሚያመለክት ሐረግ ሌላ፣ ምክንያትን የሚያመለክት ሐረግ ሌላ ነው። ልዩነቱን ለመረዳት የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ለ. ምንባብ

የልጆች የስኳር በሽታና ወቅቶች

የምንመገበው እህል በሰውነታችን ውስጥ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ከደም ጋር ይዘዋወራል። ይህ ስኳር ለሰውነት ኃይል እንዲሆን የሚረዳው ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ነው። ዓይነት አንድ በተባለው የስኳር በሽታ የሰውነት መከላከያ ኃይል ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የራሱን ሕዋሳት ያጠፋል። በሽታው በብዛት የሚታየው በልጅነትና በወጣትነት ዕድሜ ነው። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ከመገኘቱ በፊት የታመመ ልጅ ብዙ አይቆይም ነበር፤ ዛሬ ግን መድኃኒቱን በየቀኑ እየወሰደ፣ ተምሮና ሠርቶ ሊኖር ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት በ53 አገሮች በሚገኙ 105 ማዕከሎች በሽታው በልጆች ላይ የታወቀበትን ወር መርምሯል። በ42ቱ ማዕከሎች የሕሙማኑ ቁጥር እንደ ወቅቱ ጉልህ ልዩነት አሳይቷል። ከእነዚህም በአብዛኞቹ ቁጥሩ ከፍ ያለው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር፣ ዝቅ ያለው ደግሞ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው። ከምድር ወገብ እየራቁ በሄዱ መጠንም ልዩነቱ የመታየቱ ዕድል ይጨምራል።

እንግዲህ ልጆቹን ያሳመማቸው ብርድ ነውን? እንዲህ ብሎ መደምደም አይቻልም። ሕዋሳቱ የሚጠፉት በወራት፣ አንዳንዴም በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው። ምስጥ የበላው ምሰሶ በነፋስ ቀን ቢወድቅ “ነፋስ ጣለው” ይባላል፤ ምስጡ ግን ሥራውን የጀመረው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። በብርድ ወራት ጉንፋንና ሌሎች የቫይረስ በሽታዎች ሲበዙ የሰውነት የኢንሱሊን ፍላጎት ይጨምራል፤ የተዳከመው ቆሽት ይህን ሸክም ሳይችል ቀርቶ በሽታው ይገለጥ ይሆናል። የፀሐይ ብርሃንና የእንቅስቃሴ ማነስም ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል።

የበሽታው ምልክቶች ግን ወቅት አይጠብቁም። ብርቱ ጥማት፣ የሽንት መመላለስ፣ መክሳትና ድካም በማናቸውም ወር ሊታዩ ይችላሉ። ሕመሙ በብርድ ወራት ከጉንፋን፣ ወባ ባለበት አካባቢ ደግሞ ከወባ ጋር ሊምታታ ይችላል። ስለዚህ እነዚህ ምልክቶች የታዩበት ልጅ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ የደሙ ስኳር ሊለካ ይገባል። “ወራቱ ገና ነው” ብሎ መዘግየት ሕይወትን ያሳጣል።

ሐ. ማብራሪያ

1. “በ” የተባለው መስተዋድድ ጊዜንም ምክንያትንም ያመለክታል። “በሰኔ ታመመ” ሲባል ጊዜን፣ “በወባ ታመመ” ሲባል ምክንያትን ይገልጻል። “በብርድ ታመመ” የሚለው ግን ለሁለቱም ትርጉም የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ጊዜን ስትገልጹ “በብርድ ወራት”፣ ምክንያትን ስትገልጹ “በብርድ ምክንያት” ወይም “ስለበረደው” ብላችሁ ለዩ።

2. ምንባቡ “ክረምት” ያላለው በምክንያት ነው። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ወቅት ሲሆን፣ በአውሮፓ ግን እነዚያ ወራት በአብዛኛው ሞቃት ናቸው።

3. የተረጋገጠውን “ነው” በሚለው፣ ያልተረጋገጠውን “ሊሆን ይችላል” ወይም “ይሆናል” በሚለው ማሰሪያ ጻፉ።

መ. መልመጃ

1. የምስጡና የነፋሱ ምሳሌ በምንባቡ ውስጥ የትኞቹን ነገሮች ይወክላሉ?

2. ከምንባቡ ውስጥ ያልተረጋገጠ ሐሳብ የያዙ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን አውጥታችሁ ጻፉ።

3. ቀጥሎ ካሉት ውስጥ ጊዜን ብቻ፣ ምክንያትን ብቻ ወይም ሁለቱንም ሊያመለክት የሚችለውን ለዩ።
   ሀ) በጥር ወር ታመመች።
   ለ) በረኃብ ደከመ።
   ሐ) በዝናብ ቀረ።

4. በአካባቢያችሁ በአንድ ወቅት የሚበዛ በሽታ መርጣችሁ ስለ ወቅቱና ስለ ምክንያቱ አንድ አንቀጽ ጻፉ። ጊዜውን ከምክንያቱ፣ የተረጋገጠውን ከሚገመተው መለየታችሁን አረጋግጡ።