የማይጠየቅ 500 ብር

የጁቤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት። ጠያቂው እዚያው የሚያስተምር፣ ሚስትና አንድ ልጅ ያለው ወጣት ነው። መልስ የሚሰጡት እናት ደግሞ ጠላ ሸጠው፣ ሱቅ ከፍተው ልጆች ያሳደጉ፣ ለረጅም ዘመን የእቁብ ዳኛ የሆኑ ሴት ናቸው። ሰፈሩ «እማማ» ይላቸዋል፤ እኛም እንዲያው እንበላቸው።

ጠያቂ፦ እማማ፣ ደብተሩን ይዤ መጥቻለሁ። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ደመወዝተኞች ነን። ግብሩም ጡረታውም ተቆርጦ በወር 17 ሺህ ብር እጃችን ይገባል። የቤት ኪራዩ፣ ጤፉ፣ ዘይቱ፣ የልጁ ነገር፣ እድርና ማኅበሩ ሲወጣ የቀረውን በሙሉ ለዕዳ አድርገነዋል። ለራሳችን አንዲት ብር አላስቀረንም። እንዲህም ሆኖ ዕዳው ፈቅ አላለም።

እማማ፦ እስቲ አንብብልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል።

ጠያቂ፦ «ኪራይ… ጤፍ… ዘይት… ሳሙና… ወለድ 3 ሺህ… የኪስ፣ ዜሮ… ልዩ ልዩ፣ 2 ሺህ 340»።

እማማ፦ ቆይ፣ ቆይ። ይህ ልዩ ልዩ የምትለው ምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ያው ድንገተኛ ወጪ ነዋ።

እማማ፦ ወር በገባ ቁጥር የሚመጣ ምን ዓይነት ድንገተኛ ነው? ዘርዝረው።

ጠያቂ፦ ቡና አለ፤ ከመምህራኑ ጋር። አንዳንድ ቀን ቢራ። የባለቤቴ ሹሩባ። ለጓደኛዬ ልጅ ክርስትና የያዝነው። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ቤት ውስጥ ተጣልተን ወጣሁና ብቻዬን ጥብስ በላሁ።

እማማ፦ በጥብሱ አልፈርድብህም። ግን እየው፣ ይህ ሁሉ የኪስ ገንዘብ ነው። ከላይ ዜሮ ብለህ ጻፍክና ከታች ስሙን ቀይረህ አስገባኸው። ዜሮ ብለህ ስትኖር 2 ሺህ 340 አወጣህ። መጀመሪያውኑ ለእሷ 500፣ ላንተ 500 ብትሉ ኖሮ 1 ሺህ ታወጡ ነበር። እንግዲህ ሒሳብ አስተማሪው አንተ ነህ፤ የቱ ይበዛል?

ጠያቂ፦ ባለ ዕዳ ሰው ለራሱ ገንዘብ ሲያስቀር ግን ነውር አይደለም? ያበደረኝ ሰው ቡና ቤት ተቀምጬ ቢያየኝ ምን ይላል?

እማማ፦ ምንም ይበል። በአያቶቻችን ዘመን አበዳሪና ተበዳሪ በቁራኛ ይታሰሩ ነበር፤ አንድ ሰንሰለት፣ አንዱ ጫፍ ከባለ ገንዘቡ እጅ፣ ሌላው ጫፍ ከባለ ዕዳው እጅ። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይተኛሉ። ዛሬ ያ ቀርቷል። አንተ ግን በገዛ ፈቃድህ ገብተህበታል፤ ሰውየው የሌለበት ቦታ ሁሉ እሱ ያየኛል እያልክ ትኖራለህ። እንዲህ የታፈነ ሰው ዕዳ አይከፍልም። አንድ ቀን በጥሶ ይወጣና የወሩን በአንድ ቅዳሜ ይጨርሰዋል። ያቺን ጥብስ አስታውስ።

ጠያቂ፦ ታዲያ በልዩ ልዩ ቢሆን ምን ልዩነት አለው? ገንዘቡ ያው ነው።

እማማ፦ ልክ የለውማ! አያቴ የምትለውን ልንገርህ። ይህ አገር ድሮ የባሶ ገበያ የሚባለው ታላቅ ገበያ ነበረው። ነጋዴው ከዓባይ ማዶ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ ይዞ ይሻገር ነበር። ማርትሬዛውም ነበር፤ ለትንሽ ትንሹ መገበያያ ግን አሞሌ ጨው ነው። አሞሌ እንግዲህ ገንዘብም ነው፣ ወጥ ውስጥም ይገባል። ዛሬ ከጫፉ ቆረስ፣ ነገም ቆረስ ይደረግና ገበያ ሲወጣ «ጎዶሎ ነው» ተብሎ ዋጋው ይወድቃል። ዘዴኛ የሆነች ሴት ለወጥ የሚሆነውን አንዱን አሞሌ ለይታ ትሰብረዋለች፤ የቀረውን ማንም እንዳይነካው ጠቅልላ ታስቀምጣለች። ልዩነቱ ይኸው ነው። የሚሰበረው ከተለየ የማይሰበረው ይተርፋል።

ጠያቂ፦ እሺ፣ 1 ሺህውን ከየት ላምጣ? ወለዱ ብቻ 3 ሺህ ይበላል።

እማማ፦ የምን ወለድ ነው? ከማን ነው የተበደርከው?

ጠያቂ፦ ዕዳው ሁለት ነው። ከቁጠባና ብድር ማኅበሩ የወሰድነው 48 ሺህ አለ፤ እሱ ከደመወዛችን በልኩ እየተቆረጠ ነው። ሌላው 30 ሺህ ነው። ልጃችን ታሞ ባሕር ዳር ስንመላለስ ከአንድ ሰው የተበደርነው፣ ከመቶ አሥር…

እማማ፦ በወር?

ጠያቂ፦ በወር።

እማማ፦ አራጣ በለዋ! ምን ታፍራለህ? በዓመት 36 ሺህ ከፍለህ ዋናው 30 ሺህ እንዳለ ቁጭ ይላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ በ1952ቱ፣ በአንቀጽ 2479፣ ሰው ለሰው ሲያበድር ወለዱ በዓመት ከመቶ 12 አያልፍም። ባንተ ዕዳ ሲሰላ በዓመት 3 ሺህ 600 ነው። አንተ እሱን በወር ከምናምን ቀን ትጨርሰዋለህ። አራጣ በወንጀልም ያስጠይቃል።

ጠያቂ፦ ልክሰሰው?

እማማ፦ ወረቀቱ ላይ ወለድ ተጽፏል?

ጠያቂ፦ አልተጻፈም። «36 ሺህ ተበድሬያለሁ» ብዬ ነው የፈረምኩት። የተቀበልኩት 30 ነው።

እማማ፦ አየህ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ወለዱን ከዋናው ጋር ደምረው ያስፈርሙሃል፣ የወር የወሩን ደግሞ በእጅ ይቀበላሉ። ከ500 ብር የበለጠ ብድር በጽሑፍ ነው የሚረጋገጠው ይላል ሕጉ፤ ጽሑፉም ያለው በእሱ እጅ ነው። የሕግ ሰው አማክር፣ አትተወው። እኔ ግን የማውቀው መንገድ እቁብ ነው። በኛ የወር እቁብ 30 ሰው፣ 1 ሺህ 1 ሺህ ብር ይጥላል፤ 30 ሺህ ይወጣል። የቸገረው ሰው ይለምናል፤ አባላቱ ከፈቀዱለት ያለ ዕጣ ይወስዳል። ወስደህ ሰውየውን ዝጋው፤ ወረቀትህን ተቀብለህ እፊቱ ቅደደው። ከዚያ ወለድ 3 ሺህ ማውጣቱ ይቀርና በወር 1 ሺህ እየጣልክ በሁለት ዓመት ተኩል ትጨርሳለህ። 2 ሺህ ብር ተፈታልህ። አንዱ ሺህ ለሁለታችሁ ኪስ፣ ሌላው ሺህ ለማኅበሩ ብድር ተጨማሪ።

ጠያቂ፦ እንዲህ ከሆነማ ዕዳው ገብስ ነው።

እማማ፦ ገብስ አይደለም፤ እቁቡን አንድ ወር ብታዛንፍ ጉድህ ይፈላል። ግን ይቻላል።

ጠያቂ፦ 500ው ለሁለታችን እኩል ይሁን? የሷ ደመወዝ ከኔ ያነሰ ነው።

እማማ፦ እኩል! ደመወዙ የጋራ፣ ዕዳውም የጋራ ነው። ለልጅ ሕክምና የተበደርከው አንተ ብቻ ብትፈርምበትም የቤቱ ዕዳ ነው፤ የቤተሰብ ሕጉም እንዲያ ነው የሚለው። ዕዳ እኩል ተሸክማ ኪሷ የሚያንስበት ምክንያት ምንድን ነው? ይልቅ አንድ ነገር አስብ። የኛ አገር ሴት ከጥንት ጀምሮ የራሷ ኪስ ነበራት፤ ስም ስላልተሰጠው ነው እንጂ። የእንቁላሉ፣ የዶሮው፣ የቅቤው ገንዘብ የሷ ነው። ጤፉን ባል ይሸጣል፣ ቅቤውን ሚስት። እኔም ብሬን መቀነቴ ጫፍ ላይ ቋጥሬ፣ ማታ ስፈታው እንዳይንኮሻኮሽ በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የኖርኩት። ባለቤቴ ያውቃል፣ አይጠይቀኝም። ጨው ሲያልቅ ከዚያ አወጣለሁ፣ ደብተር ሲጎድል ከዚያ። አሁን ከተማ ገባችሁ፣ ዶሮም ላምም የለም፣ ሁለታችሁም ደመወዝተኛ ናችሁ። መቀነቷ ባዶ ቀረ። አንተ ቡና ቤት ትወጣለህ፤ እሷ ለሹሩባ ካንተ ልትለምን ነው?

ጠያቂ፦ ስትጠይቀኝ እሰጣታለሁ እኮ።

እማማ፦ ስትጠይቅህ! ለዚህ ነው የምትጣሉት።

ጠያቂ፦ ከ500ው ምን ምን ይወጣል?

እማማ፦ ለራስህ ደስታ የሆነው። ቡናህ፣ ቢራህ፣ ጫማ ማስጠረጊያህ፣ ለጓደኛህ የምትይዘው። የሷ ሹሩባ፣ ቅባት፣ እናቷን ስትጠይቅ የምትይዘው ስኳር። እድር አይገባበትም፣ የልጅ ጫማም አይገባበትም፤ እነዚያ የቤት ናቸው። እንዲህ ያለውን ከኪሷ እንድታወጣ ካደረግሃት ኪስ አልሰጠሃትም ማለት ነው። ሌላው ደግሞ፣ የት አደረስከው ብሎ መጠየቅ የለም። አንተም አትጠይቃት፣ እሷም አትጠይቅህ። ዕዳውን በጋራ አስሉ፤ 500ውን እርሱት። ካለቀ አለቀ ነው፣ ከሚመጣው ወር መበደር የለም። ከተረፈም የባለቤቱ ነው፣ ለዕዳ ብላችሁ አትቀሙት። በሁዳዴ 55 ቀን ጥብሱም የለም፣ ኪስህ ይተርፋል፤ ለፋሲካ ሸሚዝ ይሆንሃል።

ጠያቂ፦ ከስልኬ ላይ ብከፍልስ?

እማማ፦ ብሩን አውጣው። በስልክ ስትከፍል ሲያልቅ አታየውም። አሁን ደግሞ ስልኩ ራሱ ያበድራል አሉ።

ጠያቂ፦ አዎ፣ በቴሌብር «እንደኪሴ» የሚባል አለ። ሒሳብህ ላይ ያለው ባይበቃ ሞልቶ ይከፍልልህና በኋላ ይቆርጣል።

እማማ፦ እሱን ለሌላው ተወው። በ50 ብር ኖት አሥር አድርገህ ያዝ። ወር አጋማሽ ላይ አምስት መቅረቱን ጣትህ ይነግርሃል።

ጠያቂ፦ እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ የሚያስቸግረኝ የራሴ ቡና አይደለም። አንድ ስኒ 20 ብር ነው። ከአምስት ሰው ጋር ስቀመጥ ነው ችግሩ። አንዱ ይከፍላል፣ በሚቀጥለው ቀን እኔ ካልከፈልኩ ዓይኔን አላነሳም። አንድ ጊዜ ቢራ ብጋብዝ 500ው በአንድ ማታ አለቀ። ይሉኝታው አይለቅም።

እማማ፦ አሁን ገና ወደ ቁም ነገሩ መጣህ። ከዕዳው ይልቅ እሱ ነው የሚበላህ። የኛ ሰው ብቻውን አይጠጣም፣ የጠጣበትንም እያንዳንዱ ለየብቻው አይከፍልም። ይህን ልቀይረው ብትል ሰው ታጣለህ፣ ሰው ያጣ ደግሞ እቁብ የሚለምንበት አፍ የለውም። ስለዚህ ቦታውን ቀይረው። አምስቱን ቅዳሜ ቤትህ ጥራቸው። ሚስትህን አትጫንባት፤ ቡናውን አንተ ቁላው። እንዴ! ምን ያስቅሃል? የተማርክ ነህ አይደል? ቡና፣ ቆሎ፣ ጭሱ፣ አቦል ቶና በረካ እስኪባል ሰዉ ሁለት ሰዓት ይጫወታል። ቡና ቤት ከምታወጣው ግማሹን አይደርስም፣ ክብሩ ግን ይበልጣል። በማግሥቱ «ተራዬ ነው» የሚልህ የለም፣ ከፍለሃልና።

ጠያቂ፦ ቢራውስ?

እማማ፦ ቢራውን ለአንዱ ንገረው። ለሁሉም አይደለም፣ ለአንዱ፣ አፉ ለታመነው። «ዕዳ ውስጥ ነኝ፣ እቁቡን እስክዘጋ ቢራ አልጋብዝም» በለው። እሱ ለሌሎቹ ያደርስልሃል፤ አንተ ከምታፍር እሱ ቢያወራው ይሻላል። ከመካከላቸው ሁለቱ እንዳንተው ባለ ዕዳ ሆነው ታገኛቸዋለህ፤ እነሱም አንተን ፈርተው ነው የሚጋብዙት።

ጠያቂ፦ 500 ግን እስከ መቼ 500 ይሆናል? ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው ሁሉ ወደ ላይ ነው።

እማማ፦ በየመስከረሙ ተቀምጣችሁ እዩት። ደመወዝ ከተጨመረ ጭማሪውን በሙሉ ለዕዳ አታድርጉት፤ 50ም ቢሆን ወደ ኪስ ይግባ። ቡናው 30 ከገባ ደግሞ የስኒው ቁጥር ይቀንስ እንጂ ኪሱ አይዘጋ። ጳጉሜንን ብቻ ተጠንቀቁ። ደመወዝ 12 ነው፣ ወሩ 13። ያቺ አምስት ቀን የዘመን መለወጫ ወጪ ይዛ ትመጣለች፣ ሰው ሁሉ ለአራጣ እጁን የሚሰጠው ያኔ ነው። ከየወሩ 100 ብር አስቀሩላት፣ ከኪስ ሳይሆን ከቤቱ።

ጠያቂ፦ እንግዲህ እቁቡን ልለምን። መቼ ልምጣ?

እማማ፦ ወር በገባ የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ እዚሁ ነው የሚጣለው። ስትመጣ ሁለት ዋስ ይዘህ ና፣ አንዱ ደመወዝተኛ ይሁን።

ጠያቂ፦ ባለቤቴ ደመወዝተኛ ናት።

እማማ፦ ከአንድ ቤት ዋስ አንቀበልም። ከእነዚያ ቢራ ከምትጋብዛቸው አንዱን አምጣ።