ወረራና ተራ

ልጆች፣ ዛሬ የምንማረው ስለ ጨዋታ ነው። አትሳቁ። እዚህ ቁይ ከተማ ስልክ ላይ አጎንብሳችሁ የምታመሹበት ጌም ሥርዓት አለው፤ ሥርዓት ያለው ነገር ደግሞ ይተረጎማል።

የስልትና የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ምንድን ነው ቢሉ፣ ጥቂት ተዋጊዎች ይዞ በካሬ በተከፈለ ሜዳ ላይ ተራ እየጠበቁ መዋጋት ነው። አንድም፣ እነዚያን ተዋጊዎች ማሳደግ ነው። እያንዳንዱ ስምና ታሪክ አለው፤ በተዋጋ ቁጥር ይበረታል። በዚህ ጨዋታ ሁለት ነገር እንመረምራለን፤ አረማመዱን፣ ማለት ፍጥነቱን፣ እና ደጁን፣ ማለት አዲስ ተጫዋች የሚገባበትን።

ከአረማመዱ እንጀምር። የአገራችን ቼዝ የሆነው የሰንጠረዥ ጨዋታ መግቢያ ወረራ ይባላል። በወረራ ተራ የለም። ሁለቱ ተጫዋቾች እኩል፣ እጃቸው እንደፈጠነ፣ ያሻቸውን ያህል ዕቃ ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን ዕቃ እስኪበላ ድረስ። ያን ጊዜ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ በተራ ነው። ስለ ምን እንዲህ ሆነ ቢሉ፣ ሠራዊት ተራርቆ ሳለ እየጠበቁ አንድ አንድ እርምጃ መሄድ ያሰለቻልና። አንድም፣ የሰንጠረዥ ዕቃ ዘገምተኛ ስለሆነ ይመስለኛል፤ ፈርዝ የተባለችው ዕቃ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ትሄዳለች፣ ፊል የተባለው ደግሞ በማዕዘን ሁለት ቤት ብቻ ይዘላል። የዛሬው ቼዝ ንግሥት ሜዳውን በአንድ እርምጃ ታቋርጣለች፤ ቼዝ ወረራ ባያስፈልገው አይገርምም።

አሁን ወደ ስልካችሁ ተመለሱ። ጠላት ከሜዳው ማዶ ቆሟል፤ እናንተ ስምንት ተዋጊ አንድ በአንድ እየነካችሁ ባዶ ሣር ታሻግራላችሁ። ከዚያ ጠላት በተራው ሲንቀሳቀስ ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ። እዚህ ውስጥ ስልት የለም፤ ድካም ብቻ ነው። ጨዋታው ዘገየ የሚባለው ሰዓት ስለፈጀ አይደለም፤ ሐሳብ የማይጠይቅ ተራ ስለበዛበት ነው። አንድ ተራ ግማሽ ሰዓት ቢያሳስብ ማንም አያማርርም።

ደጁስ? የቅኔ መምህር አዲስ የመጣውን ተማሪ መወድስ አቅርብ አይለውም። በየትኛውም የቅኔ ጉባኤ፣ መጀመሪያ ባለ ሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ናት፤ ቀጥሎ ባለ ሦስቱ ዘአምላኪየ፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ኋላ ይመጣል። መወድሱ ግን አልተቀነሰም፤ ስምንቱም ቤት እዚያው ይጠብቃል። ብዙ ጌም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያዋ ሰዓት የመሣሪያውን፣ የሙያውን፣ የአስማቱን ሰሌዳ ሁሉ ይዘረግፋል፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ለቁይ ልጅ ከጠላት ሁሉ የከበደው ይህ እንግሊዝኛ ነው፤ ስለ ደጅ ሲጻፍ ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው።

ምሳሌ እናምጣ። ፋየር ኢምብለም የተባለው የጃፓን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወጣ የሞተ ተዋጊ በተለምዶ አይመለስም ነበር። በ2010 በወጣው ክፍል ግን የወደቀው ከውጊያው በኋላ እንዲመለስ መምረጥ ተፈቀደ። ነባሮቹ ክብሩ ቀረ ብለው ተከራከሩ። ምን እንመልስ ቢሉ፣ ሞትን የፈለገ አሁንም ሞትን ይመርጣል፤ የተጨመረው በር ነው፣ የተነካ ምሰሶ የለም እንላለን። እኔ ግን ይበልጥ የምወደው በ2017ቱ ክፍል የመጣውን፣ ተራን ወደ ኋላ የሚመልሰውን ሥልጣን ነው። የወደቀውን ዝም ብሎ ማስነሣት ስሕተቱን ይሸፍናል፤ ተራውን መመለስ ግን የኔታ ንባብ የሳተውን ልጅ ከሳተበት ቃል እንደሚያስጀምሩት ነው። ደግሞም የሚመለሰው በቁጥር ስለሆነ አሳብን አያሰንፍም።

ስለ ደጁ ስንናገር፣ ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ዓይን እንዳለም አትርሱ። ጠላትና ወገን በቀለም ብቻ ከተለዩ ያ ልጅ ሜዳው ላይ ዕውር ነው፤ አንዲት ምልክት ከራሳቸው በላይ ብትቀመጥ ይበቃው ነበር። የጽሑፍ መጠንም እንዲሁ ነው፤ ፊደሉ ካልተለቀ ዓይኑ የደከመ አያነበውም።

በሉ፣ ለነገ። የምትጫወቱትን ጌም ከመጀመሪያው ክፈቱና የመጀመሪያው ምት እስኪሰነዘር ስንት ተራ እንዳለፈ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ እንዳሳሰባችሁ ለይታችሁ ጽፋችሁ ኑ። መብራት ከጠፋ በሰንጠረዥ አድርጉት፤ በወረራ ተራ ስለሌለ እርምጃውን ቁጠሩ።