ስለ ኰበለለች ላም

ላም በገበሬ ቤት ትልቅ ሀብት ናት። ልጆች ወተቷን ይጠጣሉ፤ እናት ከወተቷ ቅቤ ታወጣለች፤ የወለደችውም ወይፈን አድጎ በሬ ሲሆን እርሻ ያርሳል። ስለዚህ ላም ገመዷን በጥሳ የኰበለለች ቀን በቤቱ ሁሉ ሁከት ይሆናል። ይልቁንም ከገበያ አዲስ የተገዛች ላም አገሩንና በረቱን እስክትለምድ ድረስ ለመኰብለል የቀረበች ናት፤ ልቧ ካደገችበት መንጋ ጋራ ነውና።

እንዲህ ያለ ነገር በሆነ ጊዜ ብዙ ሰዎች የሚያደርጉት አንድ ነው። አባት ዱላውን ይዞ ይሮጣል፤ ልጆች ድንጋይ ይወረውራሉ፤ ውሾች ይጮኻሉ፤ ጐረቤትም «ያዟት! መልሷት!» እያለ ከየደጁ ይወጣል። ላሟም ይህን ሁሉ በሰማች ጊዜ ሩጫዋን ታበረታለች፤ አጥር ጥሳ፥ የሰው እርሻ ረግጣ፥ ወንዝ ተሻግራ ከዱር ትገባለች። ሰዎቹም ደክመው «ይህች ላም ክፉ ናት፤ ሰይጣን አለባት» እያሉ ይመለሳሉ። በመሸም ጊዜ የጅብ ጩኸት ይሰማል፤ ያን ጊዜ እንቅልፍ ከቤቱ ይርቃል።

ነገር ግን ላሟ ፈርታለች እንጂ ክፉ አይደለችም። የፍርሃቷን ምክንያት ለማወቅ ተፈጥሮዋን መመርመር ይገባል። የላም ዓይኖች በራሷ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ናቸው፤ ስለዚህ ራሷን ሳታዞር በዙሪያዋ ያለውን ከሞላ ጐደል ሁሉ ታያለች። የማታየው በስተኋላዋ ያለውን ጥቂት ስፍራ ነው፤ በዚያም በኩል ድንገት የመጣባትን ሁሉ እንደ አውሬ ትቈጥረዋለች። ጆሮዋም የሰው ጆሮ የማይሰማውን እጅግ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ደግሞም በመንጋ የምትኖር እንስሳ ስለ ሆነች ብቻዋን በቀረች ጊዜ ፍርሃቷ ይበዛል።

ከዚህም ሌላ በእያንዳንዱ ላም ዙሪያ ለዓይን የማይታይ ወሰን አለ። ሰው ከወሰኑ ውጭ ሲቆም ላሟ ዘወር ብላ ትመለከተዋለች እንጂ አትሸሽም። ወሰኑን አልፎ ሲገባ ትሄዳለች፤ ወደ ኋላ ሲመለስ ትቆማለች። ይህ ወሰን በየቀኑ በእጅ ለምትታለብ ላም እጅግ ጠባብ ነው፤ ዱላ ለለመደችና ሰውን ሳታውቅ ላደገች ላም ግን ሰፊ ነው፤ በደነገጠችም ጊዜ ከቀድሞው ይልቅ ይሰፋል። ሰው በጐኗ ሆኖ ከትከሻዋ ወደ ፊት ቢያልፍ ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ ከትከሻዋ ወደ ኋላ ቢቆም ወደ ፊት ትሄዳለች። ይህን ያወቀ እረኛ በጩኸት የማይሆነውን ነገር በአንድ እርምጃ ያደርገዋል። በአሜሪካ አገር ስለ እንስሳት ጠባይ የምታስተምረው ቴምፕል ግራንዲን ይህን ነገር ለብዙ ከብት ጠባቂዎች አስተምራለች፤ የደነገጠም ከብት ልቡ እስኪረጋ ድረስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ሊተዉት እንደሚገባ ተናግራለች።

ስለዚህ አስተዋይ እረኛ ላም በኰበለለች ጊዜ አስቀድሞ ራሱ ይቆማል። ውሾቹን ያስራል፤ ልጆቹን ዝም ያሰኛል፤ የሄደችበትንም መንገድ ከሩቅ ሆኖ በዓይኑ ይጠብቃል። ከተረጋጋች በኋላ ሁለት ወይም ሦስት የዋሃን ላሞች ወደ አጠገቧ ይነዳል፤ ጥጃ ካላት ጥጃዋን ድምፁ በሚሰማት ስፍራ ያቆማል፤ ጨው የለመደች እንደ ሆነች ጥቂት አሞሌ በእጁ ይይዛል። እርሱም ዓይን ዓይኗን እያየ በቀጥታ አይመጣባትም፤ ወደ ጐን ወደ ጐን እያለ ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ቀና ብላ ስታየው ይቆማል፤ ሣር ስትግጥ ይቀርባል። ሌሎቹ ከብቶች ወደ በረት ሲመለሱ እርሷም ትከተላለች። ገመድ በአንገቷ ባገባ ጊዜም ገመዱን በእጁ ወይም በወገቡ አይጠመጥምም፤ በድንገት ብትሮጥ ጐትታ ትጥለዋለችና። መውጫ ወደሌለው ማዕዘንም አያስጠጋትም፤ መሸሻ ያጣች ላም በቀንዷ ትወጋለችና። ይህ ሁሉ ጊዜ የሚፈጅ ይመስላል፤ ነገር ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ተብሏል።

በጀርመን አገር ባቫርያ በሚባለው ክፍል በኤውሮጳ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. የሆነው ነገር ለዚህ ምስክር ነው። ኢቮን የምትባል አንዲት ላም ለመታረድ ስትቀለብ ሳለች በሜይ ወር አምልጣ ወደ ጫካ ገባች። ከጊዜ በኋላም ከፖሊስ መኪና ጋራ ልትጋጭ ጥቂት ስለ ቀራት፥ የአገሩ ሹማምንት ለሰው አደጋ ታመጣለች ብለው በጥይት እንድትገደል ፈቀዱ። ለእንስሳት መጠጊያ የሚሰጥ አንድ ማኅበር ግን ሕይወቷን ለማዳን ከባለቤቷ ገዛት። ብዙ ሰዎች በጫካው ውስጥ ፈለጓት፤ ሄሊኮፕተር በላይዋ በረረ፤ አንድ ጋዜጣም ላገኛት ሰው 10,000 ዩሮ እንደሚሰጥ አወጀ። በዚያ ግርግር መካከል እኅቷን አምጥተው ቢያቆሙላትም አልቀረበችም። በመጨረሻ የመግደሉ ፈቃድ ተነሣ፤ ማሳደዱም በረደ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ማንም ሳይነዳት ራሷ ከጫካ ወጥታ አራት ጥጆች ወደሚግጡበት መስክ ተጠጋች። ፍርሃቷ ፈጽሞ ስላልለቀቃት ሊወስዷት በመጡ ጊዜ የሚያደነዝዝ መድኃኒት መውጋት አስፈለገ፤ ሆኖም ሳትሞት ወደ ማኅበሩ መስክ ደረሰች። ሄሊኮፕተር ያላገኛትን ላም የጥጆች ባልንጀርነት አወጣት።

ይህ ትምህርት ለሰውም ይሆናል። እንስራ የሰበረ ልጅ ዱላ ፈርቶ ከቤት ይወጣል፤ በጓሮም ተሸሽጎ ያመሻል። አባቱ በቍጣ «ዛሬ አልምርህም» እያለ ቢፈልገው፥ ድምፁ በቀረበ ቍጥር ልጁ ይርቃል፤ በጨለማም እግሩ ወዴት እንደሚወስደው አይታወቅም። እናቱ ግን እሳት አንድዳ፥ በሩን ከፍታ፥ በለሰለሰ ድምፅ ስሙን ብትጠራው ይመለሳል። እንዲህም ሲባል ጥፋት አይገሠጽም ማለት አይደለም። የተጣሰው አጥር ይጠገናል፤ እርሻው ለተረገጠበት ሰው ካሣ ይከፈላል፤ ልጁም ይመከራል። ነገር ግን ተግሣጽ የሚጠቅመው ወደ ቤት ለተመለሰ ነው፤ ገና በመሸሽ ላይ ላለ ግን ሩጫ ይጨምርለታል።

ላሟ በተመለሰች ማግስት አስተዋይ ገበሬ ሁለት ነገር ይመረምራል፤ ገመዱ በምን እንደ ተበጠሰ፥ ላሟም ከምን እንደ ሸሸች። ገመዱን ብቻ ያጠነከረ ሰው ሌላ ቀን ደግሞ ሲሮጥ ይውላል። የፍርሃቷን ምክንያት ያራቀ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ የበረቱን በር ከፍቶ ይቆማል፤ ላሟም ራሷ ስትመጣ ያያታል።